የእህቷ ድርሻ



ካለፈው ጥምቀት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ለአገልግሎት ወደ ላይ ጋይንት ወጥተን ነበር። ነፋስ መውጫ እንደ ስሟ ናት፤ ጋቢ ደርቤም አልሞቀኝም። የእህቶች ጸሎት እንዳበቃ አንዲት ወጣት እናት ወደ ጎን ጠራችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የምንድነው በእምነት ብቻ ነው አይደል?»

«አዎን» አልኋት።

አባቷ ሲሞቱ የገብሱ ማሳ ለእርሷና እስቴ ለተዳረችው ታላቅ እህቷ የሚገባ ነበር። የይዞታ ደብተሩን ግን በራሷ ስም ብቻ አስወጣች። ያኔ ጌታን አልተቀበለችም። «አሁን ኃጢአቴ ተሰርዟል። መሬቱን ባልመልስ ደኅንነቴን አጣለሁ?»

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን አንዳችን ጳውሎስን፣ ሌላችን ያዕቆብን ይዘን በዚህ ጥያቄ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። ከመካከላችን ግን የሚመልሰው ማሳ የነበረው አንድም ሰው አልነበረም።

ኤፌሶን 2፥8-9ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ቁጥር 10 ላይ ግን አንደርስም። እዚያ ጳውሎስ መልካሙን ሥራ የደኅንነት ዋጋ አያደርገውም፤ የተፈጠርንበት ዓላማ ነው ይላል። ዘኬዎስንም እዩት። ጌታ ቤቱ የገባው አንድ ሳንቲም ሳይመልስ ነው። ጌታ ከገባ በኋላ ግን ዘኬዎስ ስለ ራሱ መዳን አላወራም፤ የቀማቸውን ሰዎች አስታወሰ፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ።

ይህን ነገርኋት፤ አልረካችም። ስለዚህ የአገሯን ታሪክ አነሳሁላት።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን አልፈው ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያን መድፍ ጋፋት ላይ ከሠሩት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ወንጌል ለማድረስ የመጡ አማኞች ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም. ገደማ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነው የገቡት። ንጉሡ መድፍ ሥሩ ሲሏቸው አናውቅበትም ብለው ነበር፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። እኔ ፈራጃቸው አይደለሁም፤ ያን ንጉሥ እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እምነታቸውንም አልጠራጠርም። ነገር ግን ዛሬ ጋፋት ሲባል ሰው የሚያነሳው ያደሉትን መጽሐፍ ሳይሆን መድፉን ነው።

«እነርሱስ ንጉሥ አስገድዷቸው ነው» አለች።

«አንቺንስ ማን አስገደደሽ?»

መልስ አልሰጠችም። «እስቴ ሄደሽ ስለ ኢየሱስ ብትነግሪያቸው እህትሽና ልጆቿ ምን ይሰማሉ?» አልኋት።

ብዙ ቆይታ «ማሳውን» አለች።

እውነቱን ልናገር፣ ነገሩን አላቀለልሁባትም፤ ቀላል አይደለምና። አራት ልጆች አሏት፤ ግማሹ ማሳ ሲሄድ የሚቀረው ገብስ ክረምቱን አያሻግርም። ደግሞም መሬቱን መልሳ ደኅንነትን እንደ ገዛች እንዳታስብ ሰጋሁ፤ በዚያ ፍርሃት የሚያገለግሉ እህቶች በየአጥቢያው አሉን። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ደግሜ ጠየቅኋት፦ «ባትመልሺስ ጌታ ይተወኛል ብለሽ ነው የምትመልሺው?»

«አይደለም» አለች። «ስላልተወኝ ነው።»

አብረን ጸለይን። ስንለያይ የቀራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌ ትላክ ወይስ ራሷ ትሂድ?

«ራስሽ ሂጂ» አልኋት። «ደብተሩን ይዘሽ።»