የዩኒቨርሲቲው ማከማቻና የቤት ኮምፒውተር

ከመሥሪያ ቤት ሥራቸው ጋር በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ብዙ አንባቢዎቻችን ጽሑፋቸውን የሚያኖሩት ዩኒቨርሲቲው በኢንተርኔት ባዘጋጀላቸው የፋይል ማከማቻ ነው። ማከማቻው ዋን ድራይቭ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከቤት ኮምፒውተር ጋር ማገናኘቱ አድካሚ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ከፍቶ ዩኒቨርሲቲው በሰጠው የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል መግባት ነው።

እኛ ልናሳስብ የምንወደው ግን ከተገናኘ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ይህን ሥራ «ማመሳሰል» ይሉታል፤ ቃሉም በሚገባ የተመረጠ ነው፥ ሁለቱ ወገኖች ዘወትር አንድ ዓይነት ሆነው ይኖራሉና። ስለዚህ ዲስኩ ሞላብኝ ብሎ የመመረቂያ ጽሑፉን ከቤት ኮምፒውተር የሰረዘ ሰው፥ በዩኒቨርሲቲው በኩል ያለውንም አብሮ ሰረዘው ማለት ነው። የተሰረዘው ፋይል በማከማቻው ቅርጫት እንደ ተለመደው ደንብ 93 ቀን ይቈያል፤ ከዚያ ወዲያ አይገኝም። ቦታ ብቻ የሚፈልግ ሰው በፋይሉ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ቦታ ማስለቀቂያውን ትእዛዝ ይምረጥ፤ ፋይሉ ከዲስኩ ተነሥቶ በማከማቻው ይኖራል።

ማከማቻውም ቢሆን ርስት አይደለም። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ወሰን የሌለው ቦታ እንደሚያስቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 አስታውቆ፥ ከ2022 ጀምሮ ለአንድ ተቋም በመነሻው 100 ቴራባይት መደበ። ተማሪውም ከተመረቀ በኋላ አድራሻው ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ የመመረቂያው ጽሑፍ ግልባጭ ከተመሳሰለው ማኅደር ውጭ፥ በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ፥ ከምረቃው ቀን አስቀድሞ ይቀመጥ።