መምህሩን ከፊደል አታስጀምሩት

ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሴኔት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዲፕሎማ ለዲግሪ የሚያዝበት ስምምነት በጽሑፍ ይፋ እንዲሆን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሴኔቱ አባላት፦

በጣና ዳር የማስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ወደ ክፍል የገባሁት እንደ አብዛኞቹ ባልደረቦቼ በኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። በዚህ ደብዳቤ ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከጎንደር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከደሴ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራ ወይም ከደብረ ታቦሩ በጌምድር ኮሌጅ ተመርቆ ለዲግሪ የሚመጣ መምህር፣ ከተማረው ውስጥ የትኛው እንደሚያዝለትና የትኛው እንደሚቀረው ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ይወቅ።

ጉዳዩን ዛሬ አጣዳፊ ያደረገው በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ ለአንደኛው ሳይክል መምህር ሰርተፊኬት፣ ለሁለተኛው ሳይክል ዲፕሎማ ይበቃ ነበር። አሁን ግን የአንደኛ ደረጃ መምህር መነሻው ዲግሪ ሆኗል። መመዘኛው ከፍ ማለቱን አልቃወምም፤ ልጆቻችን የተሻለ መምህር ይገባቸዋል። ነገር ግን መመዘኛው ከፍ ባለ ቁጥር ወጪውም ድካሙም የሚያርፈው በመምህሩ ትከሻ ላይ ነው። በ10+1 (ከአሥረኛ ክፍል በኋላ በአንድ ዓመት ሥልጠና) የጀመረ ሰው ክረምት ከክረምት ተመላልሶ ዲፕሎማውን ይዞ ሳያርፍ፣ እንደገና ለዲግሪ ሻንጣውን ያዘጋጃል።

ሴኔቱ የሚያነሣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በነበረበት ጊዜ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ወደ መሰናዶ ይገባ ነበር፤ ወደ መምህራን ኮሌጅ ከሚሄደው ብዙው ያ በር የተዘጋበት ነበር። ስለዚህ «የ10+3 ኮርስ ከዩኒቨርሲቲ ኮርስ ጋር እንዴት እኩል ይቆጠራል?» ብትሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን መመዘን እንጂ ሁሉንም በጅምላ ማስደገም አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ከዋሸራ ቅኔ ተቀኝቶ ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም የሚወርድን ተማሪ፣ መሪጌታው ያለውን ይሰሙታል፤ የጎደለውን ያሳዩታል፤ ከሚገባው ላይ ያስጀምሩታል። ፊደል ቁጠር የሚለው የለም። ይህ አሠራር በጎጃምና በጎንደር ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቢሆኑ መንገድ ማበጀት አያቅታቸውም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከቀሩት የተወሰኑትን ለመቀበል የሪሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ) ፕሮግራም ተዘርግቷል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የታሰበው፣ ዓመታት ላስተማረ ሰው ቢታሰብ ምን ይከብዳል? ይህ ሰው ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ወጥቶ ተገምግሟል፤ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቷል፤ ስድሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ ማንበብ አስተምሯል። የማስተማር ሥነ ዘዴን መግቢያ ከወንበር ተቀምጦ እንደ አዲስ ሲሰማ ጊዜውም የመንግሥት ገንዘብም ይባክናል። ድጋፍ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው፦ በሒሳብና በሳይንስ ይዘት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ሲያስተምር የኖረ መምህር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሞጁሉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። የሪሜዲያሉ ልምድ ለዚህ ቢውል ፍሬው ይታያል።

ሁለተኛው ነገር የዲግሪው ዓይነት ነው። እስካሁን በነበረው ልማድ የአንደኛ ደረጃ መምህር በታሪክ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪውን ሲይዝ ዓይኑ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳል፤ እርከኑም ደመወዙም እዚያ ነውና አይፈረድበትም። ልምድ ያካበተው ሲሄድ አንደኛ ክፍል ለጀማሪ ይቀራል። ሕፃን ማንበብ የሚጀምርበት ክፍል ሁልጊዜ መለማመጃ ሆኖ መቅረት የለበትም። ዲግሪው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቢሆን፣ ክልሉም ለዚህ ተመጣጣኝ እርከን ቢሰጥ፣ ሰው ተምሮም እዚያው ይቆያል።

ሦስተኛው ቦታና ወቅት ነው። የክረምት ፕሮግራም ለብዙዎቻችን ብቸኛው ዕድል ሆኖ ቆይቷል። ሆኖም ክረምት ጣና የሚናወጥበት፣ ገበሬ ቤተሰብ ያለው ሰው እርሻ ላይ የሚፈለግበት፣ እናት የሆነች መምህርት ልጆቿን የምታስቀምጥበት የምታጣበት ወቅት ነው። ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ሰው ባሕር ዳር ቅርብ ትመስላለች እንጂ ጉዞው በጀልባ ነው። በእነዚህ ዓመታት በክልላችን ባለው ግጭት ደግሞ የመኪናውም መንገድ የማያስተማምንበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮሌጆቹ በየአካባቢው ሕንፃም ቤተ መጻሕፍትም አላቸው፤ መምህሩ ወደ እናንተ ከሚጎርፍ ጥቂት መምህሮቻችሁ ወደዚያ ቢሄዱ ይቀላል።

የኮሌጅ ትምህርትን በስምምነት መያዝ ሌላ አገርም የተሠራ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ እንደ ሞንትጎመሪ ያሉ የማኅበረሰብ ኮሌጆች በመምህርነት የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጣሉ። ያን የጨረሰ ሰው ወደ ግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህርነት ፕሮግራም ሲዛወር የተማረው ይያዝለታል፤ ተቋማቱ አስቀድመው ተስማምተዋልና በየኮርሱ ደጅ አይጠናም።

እናንተ ደግሞ ከማንም በላይ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲያችሁን ያስገኘው ይኸው ተቋም ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቃችሁ፦

1. ከክልሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ጋር ስምምነት ተፈራርማችሁ፣ የሚያዙትን ኮርሶች ዝርዝር በየኮሌጁና በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንድትለጥፉ፤

2. በደረጃው ላይ ጥርጣሬ ላለበት ኮርስ መምህሩ ተፈትኖ ካለፈ እንዲያዝለት፣ ከወደቀ እንዲደግመው፤

3. ለእንግሊዝኛና ለትምህርት ይዘት የማጠናከሪያ ጊዜ እንድትመድቡ፤

4. ትምህርቱ ከፊሉ በኮሌጆቹ ግቢ እንዲሰጥ ነው።

የመጪው ክረምት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ሴኔቱ በዚህ ላይ ተወያይቶ ውሳኔውን ይፋ እንዲያደርግ እጠብቃለሁ። ውሳኔው «አይሆንም» ቢሆን እንኳ ምክንያቱ ተጽፎ ይምጣልን፤ መምህሩ ዕድሜውንና ገንዘቡን በዚያ ልክ ያቅዳል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ከጣና ዳር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ለክልሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች