«ምች ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕፃን

እዚህ አገር ምች የማይባል ሕመም የለም። ራስ ምታቱም ምች፣ ትኩሳቱም ምች። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውም ምች ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ቁስሉ በሳምንት በአሥር ቀን ይደርቃል። እስከዚህ ማንም አልተጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ያው ሰው ጎንበስ ብሎ ችፌ ያለበትን ሕፃን ጉንጭ ሲስም ነው።

የከንፈሩ ምች ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ ተሸክሞታል። አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ድካም፣ ትኩሳት ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል። (የአገሬው እናቶች ፀሐይን መጠርጠራቸው ባዶ ወሬ አልነበረም። ያልታያቸው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ነው።) ጤነኛ ቆዳ ቫይረሱን እዚያው ከንፈር ላይ ያስቀረዋል። የችፌ ቆዳ ግን አጥሩ የፈረሰ ግቢ ነው፤ ቫይረሱ በአንድ ጊዜ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ክንዱን ያዳርሰዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የቪየናው የቆዳ ሐኪም ካፖሲ እ.ኤ.አ. በ1887 ጽፎታል። ምልክቱም ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፦ መጠናቸው የሚመሳሰል ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች፣ ሲፈነዱ በመብሻ የተበሳ የመሰለ ክብ ቁስል፣ ከማሳከክ ይልቅ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ጡት አልይዝም ማለት። ዓይን ከነካ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። ወደ ውስጥ አካል ከተሰራጨ ይገድላል።

እናት ታዲያ መጀመሪያ የምትሮጠው ወዴት ነው? ሰፈሯ ወዳለው ፋርማሲ። ስልኳ ላይ ያነሳችውን ፎቶ ታሳያለች። «ችፌው ተነስቶበት ነው» ይባልና ያለ ማዘዣ፣ ልጁ ሳይታይ፣ ስቴሮይድ ያለው ቅባት ተጠቅልሎ ይሰጣታል። ልጁ የሚያስፈልገው ግን አሳይክሎቪር ነው፤ ያውም ዛሬውኑ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል። ቅባቱን ብቻ እየቀቡ የሚያልፉት ሁለትና ሦስት ቀን ቫይረሱ የሚስፋፋበት ቀን ነው። ፎቶ አይቶ ቲዩብ የሚሸጥ ባለሙያ «ደንበኛዬን ረዳሁ» ሊል አይገባም፤ ሸጠ እንጂ አልረዳም።

«ስቴሮይድ መርዝ ነው» ብሎ የሚያስፈራራውም ወገን ከዚህ አይሻልም። ሐኪም ባዘዘው ቅባት በወጉ የተያዘ ችፌ ለቫይረሱ በር አይከፍትም። በፍርሃት ሳይታከም የሚሰነጠቀው ቆዳ ነው የሚከፍተው።

ጤና ጣቢያዎችስ? በክትባት ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ሰዓታት ይጠብቃሉ። «ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ልጅሽን አይሳም፤ ችፌው በድንገት ውሃ ከቋጠረና ካተኮሰው ሳታድሪ አምጪው» ለማለት ምን በጀት ይጠይቃል? ፖስተር እንኳ አያስፈልገውም።

የቀረው ይሉኝታ ነው። «አትሳሙብኝ» ያለች እናት «ምን ሆና ነው?» ትባላለች፤ አማት ያኮርፋሉ፣ ጎረቤት ያማል። ያኩርፉ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን የሕፃኑን እግር በካልሲው ላይ ዳበስ አድርገው ቢሄዱ ምንም አይቀርባቸውም።