ከኢፍጣር በኋላ አንድ ጥያቄ

ልጆቻችን ዒድን የሚያውቁት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን አድርገው ነው። አያቶቻቸው ግን ዒድ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ይቆጠር የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው እኩልነትን ጠየቁ፤ በዓሎቻቸው ብሔራዊ በዓል ሆነው እንዲከበሩም ጠየቁ። ያን ቀን የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ አልፎታል።

ሰልፉ በመጻሕፍት ሰፍሯል። አባባ ያን ዕለት ከማን ጋር እንደወጡ፣ እማማ ቤት ሆነው እንዴት እንደጠበቁ ግን የሚገኘው ከአንደበታቸው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በየማታው የሳምቡሳውን ፎቶ እናነሳለን እንጂ የእነርሱን ድምፅ አንቀዳም።

በዚህ ረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ ተራዊህ ሳይደርስ፣ አንድ ልጅ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። «አባባ፣ የመጀመሪያ ጾምዎን የት ጾሙ?» ፈቃዳቸውን ጠይቀን በስልካችን እንቅዳ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፈን ከአንድ በላይ ሰው ዘንድ እናስቀምጥ። ማውራት ካልፈለጉ አናስጨንቃቸው፤ ነገም ማታ አለ።

ማታዎቹ ግን ተቆጥረው ያልቃሉ። ከቀብር መልስ «ምነው ጠይቄያቸው በነበር» ከማለት ዛሬ መጠየቅ ይሻላል።