የመኪናው ትኩሳት

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ትኩሳት ጽፌ ነበር። ዛሬ የማነሳው የመኪናን ነው። ነርስን ስለ መኪና ምን አገባት አትበሉኝ፤ ነገሩ እኛም ክፍል ይገባል።

ከደብረ ማርቆስ ስንመለስ ነው። ልጄ ይነዳል፣ እኔ ከሁለቱ የልጅ ልጆቼ ጋር ከኋላ ተቀምጫለሁ። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስንያያዘው መኪናው ሙቀት ሠራ፤ ቀስቱ ቀዩ ላይ ወጣ። ልጄ ዳር ይዞ አቆመና ኮፈኑን ከፍቶ፣ በጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊያዞር እጁን ሰደደ። ትንሿ ልጅ አጠገቡ ቆማ ታያለች። «ተው! እንዳትነካው!» ብዬ ጮኽኩ።

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ፊታቸውና ደረታቸው በዚህ የተላጠ ሹፌሮች ተቀብያለሁ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ግን ታፍኖ ስለሚቀመጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ ሲላላ ባንዴ ይፈነዳል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ልጆቹን አርቀን፣ እስኪበርድ ድረስ ጠበቅን። ከዚያ ውሃ ሞልተን ቀስ እያልን ገባን።

በማግስቱ ጋራዥ አብሬው ሄድኩ። መካኒኩ መፍቻ ሳያነሳ ጥያቄ ጀመረ፤ ደስ አለኝ፣ እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው። «የሚሞቀው ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ?» ትራፊክ ሲይዘው ሞቆ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ ቬንትሌተሩን ይጠረጥራል። ዳገት ላይና በፍጥነት ሲነዳ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የማይከፈት ቴርሞስታት ሊሆን ይችላል። ውሃው እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ፣ ጭሱም ከነጣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ወጪው ከባድ ነው።

«ውሃስ ይጎድላል?» ሲለው ልጄ አቀረቀረ። ለካ አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሊትር እየጨመረ ኖሯል! ሳሉን ደብቆ ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ እየገዛ የሚከርም በሽተኛ ስንቱን አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ጆግ ይዞ ሲወጣ አበባ የሚያጠጣ መስሎኝ ስመርቀው ከርሜያለሁ።

የታችኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ሞተሩ ሲግል ያፈሰዋል፣ ውሃውም እዚያው ይተናል፤ የደረቀ ነጭ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ቱቦው ተቀየረ፤ በባዶ ውሃ ፋንታም ኩላንት ተሞላ።

እንፋሎቱ ሰው ላይ ከደረሰ ግን ቶሎ ልብሱን አውልቁና የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ አቆዩት። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ፊትና ዓይን ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ልጅ ከሆነ፣ ከውሃው በኋላ ጊዜ ሳትፈጁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጆጉ አሁን ወደ ወጥ ቤት ተመልሷል።