ያልጠረጠረ ገዢና የቀዶ ሕክምናው ስቴፕለር

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ብሂል ለሕክምና ዕቃ ገበያም ይሠራል። የቀዶ ሕክምና ስቴፕለር ሥራው ከቢሮው ስቴፕለር ብዙም አይርቅም፤ የሚያያይዘው ግን ወረቀት ሳይሆን አንጀት፣ ሳንባና የደም ሥር ነው። ሽቦው በአግባቡ ሳይታጠፍ ከቀረ ደም ይፈሳል፣ አንጀት ያፈሳል፣ በሽተኛውም ሊሞት ይችላል።

ይህ ዕቃ ዛሬ በሮቦት እጅም ገብቷል። የካሊፎርኒያው ኢንቱይቲቭ ሰርጂካል ለዳ ቪንቺ ሮቦቱ የሠራው ስቴፕለር እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በኋላ የወጣው ሞዴል ሥጋው ሲጨመቅ በሰከንድ ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ ይለካል ይላል ኩባንያው። ይሁን እንጂ የሻጭ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ የስቴፕለር ገበያ ራሱ አስተምሯል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከ2011 መጀመሪያ እስከ ማርች 2018 ስለ ስቴፕለሮች ከ41 ሺህ በላይ ሪፖርቶች እንደደረሱት፣ 366ቱም ሞትን የሚመለከቱ እንደሆኑ ገለጸ። እርግጥ ሪፖርት ሁሉ ጥፋቱ የዕቃው ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም፤ ቁጥሩም የሮቦቶች ብቻ አይደለም። የከፋው ነገር የብዙዎቹ ከሕዝብ መሰወር ነበር። ካይዘር ሄልዝ ኒውስ በዚያው ዓመት እንዳጋለጠው፣ በ2016 በግልጽ መዝገብ የሰፈሩት 84 ሲሆኑ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ የብልሽት ሪፖርቶች በስውሩ መዝገብ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሙም ሆነ የሆስፒታሉ ግዢ ክፍል ሊያዩ የሚችሉት 84ቱን ብቻ ነበር።

ስውሩ መዝገብ በ2019 ተከፈተ። ዝቅተኛ አደጋ ካላቸው ዕቃዎች ተርታ ይቆጠር የነበረው ስቴፕለርም በ2021 ወደ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ተዛወረ። ቁጥጥሩ የመጣው ምስጢሩ ከወጣ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሮቦቱ የሰውን ስህተት ያስቀራል የሚሉ አሉ። ለሥጋው ውፍረት የሚስማማውን የሽቦ ካርትሬጅ የሚመርጠው ግን ዛሬም ሐኪሙ ነው። በዚያ ላይ የኢንቱይቲቭ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከሮቦቱ ሳይሆን በየጊዜው ከሚተኩት መሣሪያዎችና ተጓዳኝ ዕቃዎች ነው። ሮቦቱን የገዛ ሆስፒታል ለዓመታት ደንበኛ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሆስፒታል ከመፈረሙ በፊት የየሞዴሉን የብልሽት መዝገብ ይጠይቅ፤ ዕቃው በሰውነት ውስጥ ቢነክስና አልለቅ ቢል ምን እንደሚደረግም በውሉ ይስፈር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ብልሽቱን የሚደብቅ ገበያም እንዲሁ።