ቁልፍ ያዡም ጉባኤ ይገባዋል

ዛሬ የማወራችሁ ማንም ስለማያጨበጭብለት ሰው ነው።

አንድ የባህል ዝግጅት ታድማችሁ ከሆነ ሁለት ዓይነት ሰው ታስታውሳላችሁ፤ መድረክ ላይ የወጣውንና ከፊት ወንበር የተቀመጠውን። ሦስተኛ ሰው ግን አለ። የአዳራሹን ቁልፍ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው፣ ድምፅ ማጉያ የተከራየው፣ "መብራት ቢጠፋስ" ብሎ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ የገዛው፣ በነጋታው ደግሞ የማሲንቆ ተጫዋቹን ክፍያ አስፈርሞ ሒሳብ የሚያወራርደው። ዝግጅቱ ካማረ አርቲስቱ ይመሰገናል። ከተበላሸስ? አዎ፣ ያኔ የሚጠራው እሱ ነው! ይህን ሰው በወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽ/ቤት፣ በቴአትር ቤት፣ በሙዚየም ወይም በዩኒቨርሲቲ የባህል ማዕከል ታገኙታላችሁ። ሙያው ስም አለው፤ የኪነ ጥበብ አስተዳደር ይባላል። እኛ ዘንድ ግን "የባህል ሰውዬው" ከመባል አላለፈም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ይህ ሰው ከመሰሎቹ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ የሚገናኝበት የሙያ ጉባኤ ያስፈልገዋል። ጉባኤው ደግሞ አዲስ አበባ ሳይሆን ደብረ ብርሃን ላይ ተጀምሮ አንኮበር ላይ ይጠናቀቅ።

ነገሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተንና በባልቲሞር አካባቢ፣ ነጭ ያልሆኑ የኪነ ጥበብ አስተዳዳሪዎች የራሳቸውን ኅብረት መሥርተው በየዓመቱ መሰባሰብ ጀመሩ። በየሙዚየሙና በየቴአትር ቤቱ ብቸኛው ጥቁር ወይም ብቸኛዋ ላቲና ሆኖ መሥራት ምን እንደሚመስል የሚነጋገሩበት፣ ሥራና ልምድ የሚለዋወጡበት ቦታ ፈለጉ። "እኛ ዘንድ የቆዳ ቀለም ጉዳይ የለም" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እዚህ ሰውን ብቸኛ የሚያደርገው ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ነው። ደብረ ብርሃን በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በመረጃ ግን ሌላ አገር ልትሆን ምንም አይቀራት። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝም ሆነ ጎተ ኢንስቲትዩት ለጥበብ ብዙ በር ከፍተዋል፤ ደግ አድርገዋል! በሩ ያለው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። የድጋፍ ማመልከቻውም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በውጭ ቋንቋ ነው። የአንኮበሩ ባለሙያ ማመልከቻ መኖሩን የሚሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከሰማ ማለቴ ነው።

ታሪካችን ራሱ ይህን ሙያ ሲበድለው ኖሯል። የሀገር ፍቅር ማኅበርን በ1927 ዓ.ም. ያቋቋሙት አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ተዋናይም ዘፋኝም አልነበሩም። ሰው የሚያሰባስቡ፣ ገንዘብ የሚያፈላልጉ፣ መድረክ የሚያመቻቹ የመንግሥት ሰው ነበሩ። በታሪክ የምናስታውሳቸው ግን በሚኒስትርነታቸውና በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር በመገደላቸው ነው። የሰሜን ሸዋውን ከበደ ሚካኤልንም በግጥምና በተውኔታቸው እንጂ በቤተ መጻሕፍትና በትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊነታቸው አናነሳቸውም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ለዓመታት የመራው ተስፋዬ ለማ ደግሞ ኋላ ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያ የጥበብና የባህል ማዕከል አቋቁሞ ሲደክም ኖሮ በ2005 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ላሊበላ፣ ፋሲለደስ፣ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖችንስ ማን ይረሳል? የዘፋኞቻቸውን ስም በቃላችን እንወጣዋለን። ልብሱን ያሰፋላቸው፣ መኪናውን ያስፈቀደላቸው፣ ደመወዙን ያስጨረሰላቸው ማን ነበር? ዝም! ማንም አይመልስም።

ጉዳዩ የምስጋና ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ባህል በአገራችን የራሱ ቤት የሌለው ደባል ነው። በፌዴራል ደረጃ በ1987 ዓ.ም. ከማስታወቂያ ጋር ተዳበለ፤ በ1994 ከወጣቶችና ስፖርት ጋር፤ በ1998 ከቱሪዝም ጋር፤ በ2014 ተመልሶ ከስፖርት ጋር። ሃያ ሰባት ዓመት፣ አራት ቤት! በር ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ በተቀየረ ቁጥር ሠራተኛው ይዛወራል፣ ፋይሉ ይደባለቃል፣ የሚያውቀውን ይዞት ይሄዳል። ማሥሪያ ቤት እንዲህ ሲናወጥ ሙያን ሊያቆየው የሚችለው የሙያተኞቹ እርስ በርስ መተዋወቅ ብቻ ነው።

በሰሜን ሸዋ ይህ ቀልድ አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ዘልቆ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የትኛው ደብር ምን ዓይነት ብራና እንዳለው፣ የት እንደተሸሸገ፣ ምን እንደተረፈ የሚያውቀው ያ የቅርስ ባለሙያ ነው። እሱ ብቻውን ካወቀው፣ ቅርሱ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የመንዝን ባና የሚሠሩ እጆችንም፣ ከአንኮበር ቁልቁል ያለችውን የአልዩ አምባን የገበያ ታሪክም እንዲሁ አስቡት።

"ደግሞ ሌላ ስብሰባ? አበል ለመብላት?" የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ ስብሰባ አንገሽግሾናል። ስለዚህ ባነር አይሰቀል፣ የክብር እንግዳም አይጠራ። አጀንዳው ሦስት ብቻ ይሁን። አንደኛ፣ ገንዘብ፦ የግዢ ደንብ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ሲል ለአንድ አዝማሪ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይመጣል? ሰኔ 30 ሲደርስ ተመላሽ የሚሆነውን የባህል በጀት ቀድሞ በሥራ ላይ ያዋለ ወረዳ ካለ እንዴት እንደቻለ ይንገረን። ሁለተኛ፣ ውል፦ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ከባህል ቡድን ጋር የምንፈራረመው ወረቀት ያውቀዋል ወይ? ሦስተኛ፣ መዝገብ፦ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ ይመዝግብ፣ ቅጂውም በሌላ ወረዳ ይቀመጥ።

ለምን ደብረ ብርሃን? ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አዳራሽና ማደሪያ በክረምት ይገኛል። ከየአካባቢው የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ያስጠጋች ከተማም ናት፤ እነሱም ዘፈናቸውንና የእጅ ሙያቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ማን መዘገበው? ለምን አንኮበር? 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ ከተማ ስለነበረች። በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ደጅ ጠኚውም ባለሙያውም ተከተለ። ዛሬ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሎጅ ተሠርቷል፤ እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ሁሉ ነገር ወደ አንድ ከተማ ሲጎርፍ የቀረው ቦታ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚያ የተሻለ ኮረብታ አላውቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት ሰው መሰብሰብን ራሱን ከባድ እንዳደረገው አልክድም። መንገዱ ካላስተማመነ ጉባኤው በስልክ ይጀመር። በየጽ/ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከላይ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ከሞጃና ወደራ፣ ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከአንኮበር አሥር ሰው ሆናችሁ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ይህ ይሁን፦ "የእናንተ ወረዳ አዳራሽ ቁልፍ ማን ጋ ነው?"

ቸር ይግጠመን!